ለመድን ኩባንያዎች የሚቀነሰው ግብር በምን ይተካል?

በአሜሪካ የመድን ኩባንያዎች ከደንበኞቻቸው በሚሰበስቡት አረቦን ላይ ለየክፍለ ግዛቱ የአረቦን ግብር የሚከፍሉ ሲሆን፣ ይህ ገቢ በአብዛኛው ወደ ጠቅላላ ፈንድ፣ ማለትም ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሳይታሰር ትምህርት ቤቶችን፣ ፍርድ ቤቶችንና ሌሎች መደበኛ አገልግሎቶችን ወደሚደግፈው የመንግሥት ካዝና ይገባል። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ኩባንያዎቹ ለጤና ጉዳይ ላወጡት ገንዘብ የታክስ ክሬዲት ሲፈቅድ ወጪው ወደዚሁ ካዝና ይዞራል። ክሬዲቱ ከተሰላው ግብር ላይ በቀጥታ የሚቀነስ ሂሳብ በመሆኑ፣ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚፈለግበት ኩባንያ የ2 ሚሊዮን ክሬዲት ቢኖረው የሚከፍለው 8 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሚኒሶታና ኮኔቲከት በነባር ሕመም ምክንያት መድን የተነፈጋቸውን ሰዎች የሚቀበል ልዩ የመድን ቋት አቋቋሙ፤ ከጊዜ በኋላም ቋቱ ያላቸው ክፍለ ግዛቶች 35 ደረሱ። ሕሙማኑ ከገበያው የላቀ አረቦን ቢከፍሉም የሕክምናው ወጪ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ጉድለቱን በኩባንያዎች መዋጮ ይሸፍኑ ነበር፤ አንዳንዶቹም መዋጮው ከአረቦን ግብር እንዲቀነስ ፈቀዱ። በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሠራተኞቻቸውን ሕክምና በራሳቸው ገንዘብ የሚሸፍኑ ትልልቅ አሠሪዎችን ከዚህ መዋጮ ነጻ ስላደረጋቸው፣ ሸክሙ መድን በሚገዙ ግለሰቦችና አነስተኛ ድርጅቶች ላይ ይወድቅ ነበርና፣ ክሬዲቱ ለግብር ከፋዩ ሁሉ አከፋፈለው።

ከ2014 ጀምሮ ደንበኛን በነባር ሕመም ሳቢያ መመለስ ስለተከለከለ አብዛኞቹ ቋቶች ቢዘጉም፣ አሠራሩ ግን አልቀረም። አንድ የመድን ኩባንያ ሲከስር ሌሎቹ በዋስትና ማኅበር በኩል ለደንበኞቹ ካሳ የሚያዋጡ ሲሆን፣ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ያዋጡትን በየዓመቱ 20 በመቶ እያደረጉ በ5 ዓመት ከግብራቸው ያቀናንሳሉ። የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ይሸጥ የነበረው ፔን ትሪቲ በ2017 በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲፈርስ ሲወሰን ይኸው ሥርዓት ሥራ ላይ ውሏል።

የበጀት ባለሙያዎችን የሚያሳስበው በክሬዲት የሚወጣው ገንዘብ እንደ ሌላው ወጪ በየዓመቱ በምክር ቤት ድምፅ የማይጸድቅ መሆኑ ነው። ለጠቅላላ ፈንዱ ምትክ መክፈል የሚባለው መፍትሔ፣ በክሬዲት የታጣውን ያህል ገንዘብ ከሌላ ተለይቶ ከተቀመጠ ምንጭ፣ ለምሳሌ ከትምባሆ ግብር፣ መልሶ ማስገባት ነው። ምንጩ በኩባንያዎቹ ላይ የሚጣል አዲስ ክፍያ ከሆነ ግን የተሰጣቸው መልሶ ይወሰድባቸዋል፤ ክሬዲቱ ለዓመታት የሚሸጋገር ከሆነም ምትኩ መሰላት ያለበት በተፈቀደው ሳይሆን በየዓመቱ በተቀነሰው ልክ ነው። እንዲህ ያለው ምትክ የጤናን ወጪ ባይቀንስም፣ ከፋዩ ማን እንደሆነ በበጀት ሰነድ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ያስገድዳል።