ከሐዋሳ የሚነሡ የብስክሌት መንገዶችና የዳገታቸው ነገር

ስለ ሐዋሳ የሚያወራ ሰው ሐይቁንና ዓሣውን ከጠቀሰ በኋላ ብስክሌቱን ሳያነሣ አያልፍም። ከተማይቱ በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተመረጠላት ቦታ ሜዳ ስለ ሆነ፣ ጎዳናዎቿም ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ስለ ሆኑ፣ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ሲመላለስ ኖሯል። ዛሬ ባጃጅ መንገዱን ቢሻማውም ልማዱ ጨርሶ አልጠፋም። ነገር ግን በሜዳው ከተማ ውስጥ መንዳት የለመደ ሰው ከከተማው ወጣ ሲል ሌላ ዓይነት መንገድ ይገጥመዋል።

በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ከሐዋሳ ተነሥተው ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ወንዶ ገነትና ወደ ይርጋለም የሚወስዱትን መንገዶች በብስክሌት ነጂ ዓይን ለመመርመር እንሞክራለን። ልናሳየው የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የመንገድ ክብደት በኪሎ ሜትር ብቻ እንደማይለካ ነው። ርቀቱን ብቻ ጠይቆ የሚነሣ ሰው በዳገቱ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ በቁልቁለቱ ደግሞ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

የቦታው አቀማመጥ

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከተማይቱና ሐይቁ ያሉበት ስፍራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ውስጡን ከተፋ በኋላ ጣሪያው ተደርምሶ የቀረ ሰፊ ጎድጓዳ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ጎድጓዳ ካልደራ ይሉታል። በምሥራቅ በኩል የሚታዩት የወንዶ ገነት ተራሮች የዚሁ ጎድጓዳ ከንፈር ሲሆኑ፣ ታቦርና አላሙራ ከሜዳው ላይ ብቅ ያሉ ኮረብታዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፤ ከሐይቁ ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃ መውጫ ያጣበት ስፍራ ዙሪያው ሁሉ ከፍ ያለ መሆኑ ግልጽ ነው።

ይህንን ወደ ብስክሌት ነጂ ቋንቋ ስንመልሰው፣ ከሐዋሳ በየትኛውም አቅጣጫ ርቆ የሚሄድ ሰው ዳገት አይቀርለትም ማለት ነው። ድስት ውስጥ የገባች ጉንዳን በየትኛውም ጎን ብትሞክር መውጣት እንዳለባት ሁሉ፣ እኛም እንዲሁ ነን።

ዳገት ሲለካ

መቶ ሜትር ተጉዘን አምስት ሜትር ከፍ ካልን ዳገቱ አምስት በመቶ ነው እንላለን። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በአምስት በመቶ ዳገት ላይ የገዛ ክብደታቸው በ4 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ኋላ ይስባቸዋል። ዳገቱ ዐሥር በመቶ ሲሆን 8 ኪሎ ይደርሳል። በሜዳ አስፋልት ላይ ግን በሚገባ የተነፋ ጎማ ከመንገዱ ጋር ሲተሻሽ የሚይዘን ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ1 ኪሎ አይበልጥም። እንግዲህ አምስት በመቶ ዳገት ለዓይን ሜዳ ቢመስልም እግር ግን ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ማርሽ ይህንን ሸክም አያስቀርም። የሚያደርገው ነገር፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ የሚሄደውን ርቀት አሳጥሮ ሸክሙን በጥቂት በጥቂቱ እንድናነሣው መርዳት ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት የያዘ ሰው ግን ዳገቱ ሲጠና ወርዶ ቢገፋ ነውር የለበትም፤ እኛም ብዙ ጊዜ ገፍተናል።

የአየሩንም ነገር መዘንጋት አይገባም። በሐዋሳ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በ18 በመቶ ገደማ ያነሰ ስለ ሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ልብ ላይለው ይችላል፤ ከቆላ የመጣ ተማሪ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አካሄዱን ቢያለዝብ ይሻለዋል።

ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው ወደ ሰሜን፣ ወደ ሻሸመኔ የሚሄደው ነው። ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጥቁር ውሃን ድልድይ ካለፍን በኋላ መንገዱ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ይሄዳል። ሻሸመኔ ከሐዋሳ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ የምትል ስትሆን፣ ይህ ከፍታ ለርቀቱ ሲካፈል አንድ በመቶ ገደማ ይሆናል። በዳገት በኩል ከታየ ከሦስቱ መንገዶች ቀላሉ ይህ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው ዋና ጎዳና ስለ ሆነ፣ ተሳቢ የሚጎትቱ የጭነት መኪናዎች፣ አውቶቡሶች፣ ሚኒባሶች፣ ጋሪዎችና ከብቶች ይጋፉበታል። የአስፋልቱ ጫፍ ከጠጠሩ ከፍ ብሎ በቀረበት ቦታ፣ መኪና ሽሽት ከዳር የወረደ ብስክሌት በቀላሉ ይገለበጣል። ስለዚህ ለእግር የሚቀለው መንገድ ለሕይወት የሚያሰጋው ሆኖ አገኘነው።

ሁለተኛው ወደ ወንዶ ገነት የሚወስደው ነው። ከሻሸመኔ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የመኪናው ብዛት እየቀነሰ፣ የዛፉ ጥላ እየጨመረ የሚሄድበት መንገድ ነው። በተራራው ግርጌ ፍል ውሃው ይፈልቃል፤ በ1970 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የደን ኮሌጅም በዚያው ይገኛል። ደኑ ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ወደ ሚደርሱት ከፍታዎች ይዘልቃል። በውስጡም ዝግባና ዋንዛ ይታያሉ፤ ጉሬዛም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። ወደ ፍል ውሃው የሚያወጣው ዳገት አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የደን መንገድ ግን በእግር መሄድ ይሻላል። በእርጥብ መሬት ላይ ጎማ የቀደደው ቦይ በክረምት የጎርፍ መንገድ ይሆናል። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ በጨለለቃ በኩል ወደ ጥቁር ውሃ፣ ከዚያም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። ጨለለቃ ራሱ ቀድሞ ሐይቅ ነበር፤ ደኑ ሲመናመን ከተራራው የተጠረገው አፈር እየሞላው ወደ ረግረግ መለወጡን ስናስብ፣ ለደስታችን ብለን የምንከፍተው ትንሽ ቦይ እንኳ ትንሽ ነገር አለመሆኑ ይገባናል።

ሦስተኛው ወደ ደቡብ፣ ወደ ይርጋለም የሚሄደው ነው። ይርጋለም ከሐዋሳ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች ናት። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከተማይቱ ከፍታም 1,780 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ በወረቀት ላይ ሲታይ ከሐዋሳ የምትበልጠው በ80 ሜትር ብቻ ነው። ይህንን ቁጥር አይተን መንገዱ ሜዳ ነው ብለን ተነሣን፤ ተታለልንም። የሐዋሳ ውሃ ወደ ሐይቁ ሲገባ በይርጋለም በኩል ያለው ግን ወደ ጊዳቦ ወንዝ ወርዶ ወደ ዐባያ ሐይቅ ይሄዳል። ሁለት ተፋሰሶችን የሚያገናኝ መንገድ በመካከላቸው ያለውን ጀርባ መሻገር ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደ ገና ይወጣል። የወጣነው ሁሉ ተደምሮ የወረድነው ሲቀነስለት 80 ሜትር ቢቀርም፣ እግራችን የሚያውቀው መደመሩን እንጂ መቀነሱን አይደለም። በእንሰትና በቡና መካከል የሚያልፍ ውብ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ደርሶ መልሱን በአንድ ቀን ለመፈጸም የተለማመደ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ቁልቁለት

ዳገት ያደክማል እንጂ አይገድልም፤ የሚገድለው ቁልቁለት ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት በ20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፍሬን ይዞ በአምስት ሜትር የሚቆም ብስክሌት፣ በ40 ሲወርድ ሃያ ሜትር ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ከሻሸመኔ ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ የፍሬኑ ጎማ ማለቁን ሳያይ ለቀቀው። ከፊቱ ጋሪ ሲገባበት ያዳነው ከመንገድ ዳር የነበረው ለስላሳ አፈር ነው። ጉልበቱ ተላጦ፣ መሪው ተጣሞ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳንነሣ ፍሬናችንን፣ ካቴናችንንና ጎማችንን እንመረምራለን፤ ካላማዳሪያና ፖምፓም ሳንይዝ አንወጣም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዳገትን ጠላት ማድረግ አንፈልግም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩባቸው፤ ገረመው ደንቦባም በጎዳናው ውድድር 24ኛ ሆኖ ጨርሷል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ዳገት በሞላበት አገር የሚወለድ ልጅ መለማመጃ አያጣም፤ የሚያጣው ያለ ሥጋት የሚነዳበት የመንገድ ዳር ነው።

ስለዚህ ለነጂዎች የምንለው፣ ማለዳ መኪና ሳይበዛ ተነሡ፣ ከርቀቱ አስቀድማችሁ የዳገቱንና የትራፊኩን ነገር ጠይቁ ነው። መንገድ ለሚሠሩና ለሚጠግኑ ደግሞ፣ ከአስፋልቱ ዳር አንድ ሜትር ተኩል ያህል የተስተካከለ ቦታ ቢተዉ በብስክሌት ከተማነቷ ለምትታወቀው ሐዋሳ ታላቅ ውለታ ይሆናል እንላለን። የየዳገቱን መጠን በመሣሪያ ለክቶ ይህን ጽሑፍ የሚያሟላልን ተማሪ ቢገኝ ደስታችን ነው።