የብቅል ንግድ ከድሬዳዋ ሲታይ

ገብስ ደጋን የሚወድ እህል ስለ ሆነ በድሬዳዋ ቆላ አይዘራም፤ ነገር ግን ከተማችን የጅቡቲ መንገድ በር፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ተመሥርቶ በ2011 ወደ ሄኒከን እጅ የገባው የሐረር ቢራ ፋብሪካም ጎረቤቷ እንደ መሆኑ መጠን፣ የብቅል ነገር እኛንም ይመለከተናል።

ብቅል የሚገኘው ገብሱ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ጎንቁሎ፣ በሙቀት ሲደርቅ ነው፤ በሚጎነቁልበትም ጊዜ በውስጡ የሚነቁት ኢንዛይሞች ኋላ በጠመቃው ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣሉ። ጠማቂው አስቀድሞ የሚመረምረው የፕሮቲኑን መጠን ነው፤ ከመቶ 12 እጅ ገደማ ያለፈ እንደ ሆነ ስታርቹ ያንሳል፣ ቢራውም ለመደፍረስ ይቀርባልና። ናይትሮጅን ያለ ልክ የተጨመረበት ማሳ፣ ምርቱ ቢበዛም እንኳ፣ ለዚህ ጕድለት የተጋለጠ ነው።

በውጭው ዓለም ቻይና እ.ኤ.አ. በ2020 በአውስትራሊያ ገብስ ላይ ከመቶ 80.5 ቀረጥ ጥላ በ2023 አነሣች፤ በዚያው ዓመት የፈረንሣዩ ሱፍሌ ዩናይትድ ማልትን ጠቅልሎ ከብቅል አምራቾች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። እርሱ በቦሌ ለሚ፣ ቦርትማልት ደግሞ በደብረ ብርሃን ፋብሪካ ስለ ተከሉ፣ ቀድሞ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው ብቅል ዛሬ ከአገራችን ገበሬ ገብስ ይዘጋጃል። እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ የዋጋው ነገር ነው፤ ገዢው ገብሱን በላቦራቶሪ መርምሮ ሲቀበል፣ ገበሬው ውጤቱን በጽሑፍ ሊያገኝ፣ ላማረውም ምርቱ ከተራው የበለጠ ሊከፈለው በእውነት ይገባል።