የትምህርት ቤት ገንዘብና የርዕሰ መምህሩ ኃላፊነት

ጎበዝ ዲሬክተር ሲባል ደወል በሰዓቱ የሚያስደውል፣ መምህር እንዳይቀር የሚቆጣጠር ብቻ ይመስለናል። ወላጅና ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚጋጩት ግን በገንዘብ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 40 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት ከእያንዳንዱ በወር 3 ዶላር ይሰበስባል እንበል። ወላጆች ያባዙና 120 ዶላር ይላሉ። ዲሬክተሩ ግን 6 ችግረኛ ልጆችን «ግድ የለም፣ ተማሩ» ብሎ በቃል ምሯቸዋል። እጁ ላይ ያለው 102 ዶላር ነው። 18ቱ ዶላር የት ገባ? ሰውየው አንድ ሳንቲም አልነካም፤ ስላልጻፈው ብቻ «አደራ በላ» ይባላል። ምሕረቱ ሲቆም ደግሞ ከትምህርት የሚቀሩት እነዚያው ልጆች ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1ኛ. ሥራው ይከፋፈል። ገንዘብ የሚቀበለው፣ መዝገብ የሚይዘውና ወጪ የሚፈቅደው አንድ ሰው አይሁን። የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያም ወላጆች በወላጅና መምህር ኅብረት በኩል በትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ገንዘብ ላይ ድምፅ እንዲኖራቸው ተደርጓል። እዚህም ሦስት ወላጅ መምረጥ አያቅትም።

2ኛ. ሁሉም ይጻፍ። ገቢው በደረሰኝ፣ ወጪው በደረሰኝ፣ ምሕረቱም በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። የችግረኛ ልጅ ስም ግን ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ «6 ተማሪዎች፣ 18 ዶላር» ማለት ይበቃል።

3ኛ. የስልክ ገንዘብም ገንዘብ ነው። ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድን ከጀመረ ወዲህ ሐርጌሳ ውስጥ ክፍያው በአብዛኛው በስልክ ሆኗል። መልእክቱ ቀንና መጠን ስለሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። የትምህርት ቤቱ ገንዘብ በዲሬክተሩ የግል ሲም ካርድ ከገባ ግን ከቤቱ አስቤዛ ጋር ይደባለቃል። ለብቻው የሆነ ቁጥር ይኑር፤ መልእክቱም በየቀኑ ወደ መዝገብ ይገልበጥ።

4ኛ. ርክክብ ይደረግ። በስደት ኑሮ ዛሬ ያለ ዲሬክተር ነገ ሦስተኛ አገር ሊሄድ ይችላል። መዝገቡ፣ ቀሪው ገንዘብ፣ ሲም ካርዱና ያልተከፈለ ዕዳ በምስክር ፊት ተቆጥሮ ይፈረም።

«እኛ ጋ ክፍያ የለም» የምትሉም አትዝናኑ። የሶማሌላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍያ እንዲቀር ወስኗል። ክፍያ ቢቀርም ጠመኔ፣ ውኃና ጥበቃ ወጪ አላቸው። በእርዳታ የመጣ ደብተርም እንደ ገንዘብ ተቆጥሮ ይገባል፣ ተቆጥሮ ይወጣል።

በወሩ መጨረሻ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በአንድ ገጽ ይለጠፍ። ተማሪዎችም ቆማችሁ ደምሩት፤ የሒሳብ ትምህርት ነው። ድምሩ ካልመጣላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። የጻፈ ዲሬክተር ጥያቄ አይፈራም።