ለማስገባት ቀላል፣ ለማውጣትስ? በክንድ ስለሚቀበር የእርግዝና መከላከያ



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይበልጥ አንድ ለስላሳ ዘንግ ነው። ባለሙያዎች ኢምፕላንት ይሉታል፤ እናቶቻችንና እኅቶቻችን «በክንድ የሚቀበረው» ወይም «የሦስት ዓመቱ» ብለው ይጠሩታል። ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን መከላከያ የሚሰጥ አገልግሎት ጥሩ ነው የምንለው በምን መለኪያ ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ዋናው መለኪያ ስንት ሴቶች አስቀበሩ የሚለው ሳይሆን፣ ያስቀበረች ሴት በፈለገች ቀን ልታስወጣው ትችላለች ወይ የሚለው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ እንድትሉልኝ እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ኢምፕላኖን የተሰኘው ዘንግ 68 ሚሊ ግራም ኢቶኖጄስትሬል ይዟል። ጃዴል የተሰኘው ደግሞ ሁለት ዘንጎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዘንግ 75 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጄስትሬል አለው። ሁለቱም ንጥረ ነገሮች ፕሮጄስትሮን ከተባለው የሴት ሆርሞን ጋር የሚመሳሰሉ ናቸው። ዘንጉ ከቆዳ ሥር ሆኖ ሆርሞኑን በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ደም ይለቃል። በዚህም የሴቷ እንቁላል እንዳይወጣ ያግዳል፤ በማኅፀን አንገት ያለውንም ፈሳሽ በማወፈር የወንዱ ዘር እንዳያልፍ ያደርጋል። ከ1,000 ተጠቃሚዎች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የምታረግዘው ከአንዲት አትበልጥም። በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ከሚወስዱት ግን፣ ቀጠሮ የሚያልፋቸው ስለሚኖሩ፣ ከ100 ሴቶች አራት ያህሉ በዓመት ውስጥ ሊያረግዙ ይችላሉ። የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የተቀበረው ዘንግ ቀን መቁጠርን አይጠይቅም፣ አይረሳም።

ሌላም ልዩነት አለ። መርፌው አንድ ጊዜ ከተወጋ በኋላ ከሰውነት ሊወጣ አይችልም። ካቆመችውም በኋላ የመውለድ ዐቅሟ እስኪመለስ ወራት ይወስዳል። ኢምፕላኖን ሲወጣ ግን ሆርሞኑ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከደም ይጠፋል። «ያመክናል» የሚለው ወሬ በማስረጃ አይደገፍም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ መልካም ነገር የቆመው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው፤ ዘንጉን የሚያወጣ የሠለጠነ እጅ መገኘት አለበት። ክኒን የምትወስድ ሴት ማቆም ስትፈልግ ማንንም አታስፈቅድም። በክንዷ ያስቀበረች ሴት ግን ለማስወጣት የሌላ ሰው እጅ ያስፈልጋታል። ስለዚህ የመከላከያው ጥንካሬም ሆነ አደጋው ምንጩ አንድ ነው።

ታሪኩ ይህን አስቀድሞ አሳይቶናል። የመጀመሪያው ኢምፕላንት፣ ስድስት ዘንጎች የነበሩት ኖርፕላንት፣ ፖፑሌሽን ካውንስል በተባለው ድርጅት ተመራማሪዎች ተዘጋጅቶ በ1983 በፊንላንድ ፈቃድ አገኘ። አሜሪካ በታኅሣሥ 1990 ፈቀደችው። ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1991፣ አንድ የካሊፎርኒያ ዳኛ ልጆቿን በመደብደብ የተከሰሰችን ሴት ኖርፕላንት እንድታስቀብር የቅጣቷ አካል አድርጎ አዘዘ። በኢንዶኔዥያና በባንግላዴሽም ለማስወጣት የጠየቁ ሴቶች መቸገራቸውና አንዳንዶቹም መከልከላቸው በጊዜው አከራክሮ ነበር። መሣሪያው ያው ነው፤ በአንድ እጅ ነጻነት ይሰጣል፣ በሌላ እጅ ነጻነት ይነፍጋል። የሚለየው ውሳኔው የማን ነው የሚለው ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ሥራውን የጀመረው በ1966 ነው፤ የአገሪቱ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወጣው በ1993 ነው። ሆኖም አገልግሎቱ በገጠር በስፋት የተዳረሰው በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተዘረጋ በኋላ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ካገቡ ሴቶች መካከል ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት በ2000 6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 35 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 41 በመቶ ደርሰዋል። የኢምፕላንት ድርሻ በ2005 ከ1 በመቶ በታች ነበር፤ በ2011 ወደ 3፣ በ2016 ወደ 8፣ በ2019 ወደ 9 በመቶ አድጓል።

ለዚህ ዕድገት ሁለት ምክንያቶችን ልጥቀስ። አንደኛው፣ በ2009 በተጀመረው መርሐ ግብር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖንን በጤና ኬላ እንዲያስገቡ መሠልጠናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከ2013 ጀምሮ አምራቾቹ ለድሃ አገሮች የሚሸጡበትን ዋጋ በግማሽ ገደማ ቀንሰው ወደ 8 ዶላር ከ50 ሳንቲም ማውረዳቸው ነው። እናት በቀበሌዋ፣ በምታውቃት ሠራተኛ እጅ፣ ያለ ክፍያ ረጅም ጊዜ የሚቆይ መከላከያ ማግኘቷ ትልቅ ስኬት ነው። ይህን ስኬት ማሳነስ አይገባም።

ነገር ግን የመርሐ ግብሩን አወቃቀር በጥንቃቄ እንመልከት። የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ የሠለጠኑት ለማስገባት ነበር፤ ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ተተወ። ውሳኔው ምክንያት ነበረው። ማስገባት በተዘጋጀ መርፌ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ነው። ማውጣት ግን ማደንዘዣ መውጋትን፣ ቆዳን በጥቂቱ መቅደድንና ንጹሕ መሣሪያን ይጠይቃል። ዘንጉ ጠልቆ ከገባ በእጅ ዳሰሳ አይገኝም፤ በአልትራሳውንድ መፈለግ፣ ነርቭና ደም ሥር እንዳይነካም መጠንቀቅ ግድ ይሆናል። የቀድሞው ኢምፕላኖን በራጅ አይታይም ነበር፤ ባሪየም የተጨመረበት አዲሱ ዓይነት ግን ይታያል። ስለዚህ ማስገቢያው ደጅ ላይ፣ ማውጫው ግን የግማሽ ቀን መንገድ ሆነ።

ይህ የገጠር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ኮልፌ ቀራንዮ በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከ428 ሺህ በላይ ነዋሪዎች የተመዘገቡበት፣ በወቅቱ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ሁሉ ብዙ ሕዝብ የነበረበት ነው። ከየክልሉ ሥራ ፍለጋ የሚመጡ ወጣት ሴቶችም የሚኖሩበት ሰፈር ነው። እስቲ ከመካከላቸው አንዲቱን እናስብ። በትውልድ ቀበሌዋ ጤና ኬላ አስቀበረች፤ ከዓመት በኋላ ለቤት ሠራተኝነት እዚህ መጣች። ሦስተኛው ዓመት ሲሞላ፣ ወይም የወር አበባዋ ተዛብቶ ሲያስቸግራት፣ የት ትሂድ? ካርዷ አገር ቤት ቀርቷል፤ ያስገባቻት ሠራተኛ ሩቅ ናት፤ ከአሠሪዋ ፈቃድ ማግኘትም አለባት። የምትደርስበት ጤና ጣቢያ «ያስገባሽ ቦታ ሂጂ» ካላት፣ መብቷ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ሴቶች ከጊዜው በፊት ለማስወጣት የሚፈልጉት ለምንድን ነው? በደቡብ ጎንደር በአንዳቤት ወረዳና በደቡብ ኢትዮጵያ በዳሌ ወረዳ የተደረጉትን የመሰሉ ጥናቶች የሚያመለክቱት ወደ ሁለት ነገሮች ነው፦ የጎንዮሽ ችግር፣ በተለይም የደም መፍሰስ መዛባት፣ እንዲሁም ከማስገባት በፊትና በኋላ የሚሰጠው ምክር ማነስ። የደም መዛባቱ በአብዛኛው ለጤና አደገኛ አይደለም። ይሁን እንጂ ያለ ጊዜው የሚመጣ ደም ለጸሎትና ለጾም ሥርዓት፣ ለትዳርና ለዕለት ሥራ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው ባለቤቷ ናት። «ምንም አይደለም፣ ታገሺ» ማለት ምክር አይደለም። አስቀድሞ የተነገራት ሴት ልትታገሠው ትችላለች፤ ያልተነገራት ትደነግጣለች፤ ለማስወጣት ስትመጣ የተከለከለች ደግሞ ለጎረቤቷ የምትነግረው ሁሉንም ሰው ያስፈራል።

በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታልና በግቢው ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም መኖራቸው አንድ ተጨማሪ ነጥብ እንዳነሣ ያደርገኛል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲሰባብር ስለሚያደርግ የኢምፕላንቱን ኃይል ያዳክማል። ኢፋቪሬንዝ የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። በ2016 በታተመ የኡጋንዳ ጥናት፣ ኢፋቪሬንዝ እየወሰዱ የሌቮኖርጄስትሬል ኢምፕላንት ካስቀበሩ 20 ሴቶች መካከል ሦስቱ በዓመቱ ውስጥ አርግዘዋል። ዛሬ ዶሉቴግራቪር በስፋት መተካቱ ይህን ስጋት አቃልሏል። ትምህርቱ ግን ጸንቶ ይኖራል፤ የነቀርሳ መድኃኒት የሚጀምር ሐኪም «በክንድሽ የተቀበረ ነገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

«ኢምፕላንት ለኤች አይ ቪ ያጋልጣል ወይ?» የሚል ጥያቄም ይቀርባል። በ2019 ውጤቱ ይፋ የሆነው ኤኮ የተሰኘው ጥናት በኢስዋቲኒ፣ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዛምቢያ 7,829 ሴቶችን ተከታትሎ፣ በመርፌው፣ በኢምፕላንቱና በሉፑ ተጠቃሚዎች መካከል የጎላ የመያዝ ልዩነት አላገኘም። በሁሉም ዘንድ የታየው የመያዝ መጠን ግን ከፍተኛ ነበር። እርግዝናን የሚከላከል ሁሉ በሽታን አይከላከልም፤ ኮንዶም ከምክሩ ሊወጣ አይገባም።

ተማሪዎቼ፣ ለመመረቂያ ጥናታችሁ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ልተውላችሁ። በአንድ ጤና ጣቢያ ለማስወጣት ከመጡት ሴቶች ስንቱ በዚያው ቀን ተስተናገዱ? የተመለሱትስ ምን ተባሉ? ዘንጉን የሚያወጣው ባለሙያ ፈቃድ ሲወጣ የሚተካው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መዝገብ ማገላበጥና ሴቶቹን ማዳመጥ ይበቃል። የምታገኙት መልስ በሥልጠና ዕቅድና በበጀት ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

አንዲት ሴት ክንዷን ስትዘረጋ የምትሰጠን እምነቷን ነው። እምነቱን የምንጠብቀው «ይውጣልኝ» ባለችበት ቀን ምክንያቷን ሳንመረምር፣ ሳናመላልስ፣ ሳንቆጣ ስናስተናግዳት ነው።