ወደ ሐረር የሚሄድ ቤተ ሰብ በጭሮ ቢያድር

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚጓዝ ቤተ ሰብ የሚኤሶን ቆላ አልፎ ወደ ጨርጨር ተራራ ሲወጣ ጭሮን ያገኛል፤ ብዙው ግን ምሳውን በልቶ ያልፋታል። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ የጨርጨር ገዥ ሳሉ አሰበ ተፈሪ በሚል ስም የቆረቆሯት ከተማ ይህች ናት።

የሐረርጌን ሰንጋ ገበሬው በደጁ አስሮ በማሽላ አገዳ ስለሚያደልበው ሥጋው ጮማ ነው። ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላውንም ሆጃ መቅመስ ይገባል፤ ጨው እንዳለበት ግን ለልጆች አስቀድሞ መንገር ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ኩኒ ሙክታር ይወጣል። በ1982 ዓ.ም. የተከለለው ይህ ተራራ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኘው የደጋ አጋዘን መጠጊያ ነው። ደኑ ለማገዶና ለእርሻ በመመንጠሩ መጠጊያው ጠብቧልና፥ ለልጆቹ ለማሳየት የሚያስብ አባት ለከርሞ አያሳድረው። ተራራውም ብርዳም ስለ ሆነ ጋቢ አይረሳ።