«ሳለ» የሚባለው ቃል አባቱ ማን ነው?

የሚማር ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ፥ ማታ መብራት ከበራ በኋላ «ይህ ቃል በየትኛው ሰ ነው የሚጻፈው?» የሚል ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። አብዛኛውም «ድምፁ አንድ ነው፤ በፈለግኸው ጻፈው» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ልጁን ቶሎ ወደ መኝታው ይሸኘዋል እንጂ ዕውቀት አይጨምርለትም። እኛም ራሳችን ከዚህ የባሰ ስሕተት ስለ ሠራን፥ ነገሩን ከዚያ እንጀምራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ማርቆስ አጠገብ ስናስተምር፥ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያረፉት አያቷ በጸሎት እንዲታሰቡ የክርስትና ስማቸውን በወረቀት ጽፋ አሳየችን። ጽሑፉ «አመተ ማርያም» ይላል። እኛም ችኰላ ይዞን «ዓመት የሚጻፈው በዐይኑ ዐ ነው» ብለን በቀይ ቀለም ሰረዝንባት። ልጅቱ መምህሯን አምና «ዓመተ ማርያም» ብላ ገልብጣ ወሰደች። ወረቀቱን የተቀበሉት ካህን «እኒህ ሴት የማርያም ገረድ ናቸው ወይስ የማርያም ዘመን?» ብለው እንደ ጠየቋት በማግሥቱ ነገረችን። በእውነትም አመት በአልፋው አ ሲጻፍ ገረድ፥ አገልጋይ ማለት ነው፤ በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ግን ዐሥራ ሁለቱ ወር ከነጳጉሜኑ ነው። ልጅቱ ልክ ነበረች፤ ይህን በልጅነታችን የተማርን እኛ ግን ዘነጋነው። በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት።

አሁን ወደ ርእሳችን እንመለስ። በአማርኛ «ሳለ» ስንል ጆሮ አንድ ቃል ይሰማል። ወደ ግዕዝ አባቶቹ ብንወጣ ግን የአራት ቤት ልጆች ሆነው እናገኛቸዋለን።

ሠዐለ፥ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ፦ መልክ ሠራ ማለት ነው። ሥዕልና ሠዓሊ ከዚህ ይወጣሉ።

ሰዐለ፥ በእሳቱ ሰና በዐይኑ ዐ፦ ጉንፋን እንደ ያዘው ሰው ጉሮሮውን አንኳኳ። ሳል የዚህ ልጅ ነው።

ሰሐለ፥ በእሳቱ ሰና በሐመሩ ሐ፦ የብረትን አፍ አሾለ። ገበሬው በኅዳር ማጭዱን የሚስለው በዚህ ነው።

ሰአለ፥ በእሳቱ ሰና በአልፋው አ፦ ለመነ፥ ጠየቀ። ስእለት ከዚህ ይወለዳል፤ «ተሳለ» የምንለውም ይህንኑ ነው።

«ልጅ ሳለ» የሚለው ደግሞ «አለ» ከሚለው ቃል የመጣ እንግዳ ነው። እንግዲህ አንድ ሠዓሊ ጉንፋን ይዞት ቢላዋውን ቢስል፥ በአማርኛ ሦስቱንም ሥራ «ሳለ» ብለን እንጨርሰዋለን።

የፊደሉ ልዩነት የሚያሳስበው በጸሎት መጽሐፍ ላይ ነው። «ሰአሊ ለነ» ማለት ለምኝልን ማለት ነው። ጸሐፊው ሳይጠነቀቅ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ቢጽፈው ልመናው ሥዕል የማዘዝ ቃል ይሆናል፤ በእሳቱ ሰና በዐይኑ ዐ ቢጽፈው ደግሞ የሳል ነገር ይሆናል። ሌሎችም እንዲህ ያሉ ጥንዶች አሉ፤ ጥቂቶቹን እነሆ።

መሐረ፦ ይቅር አለ፤ ምሕረት ከዚህ ነው። መሀረ፦ አስተማረ፤ መምህርና ትምህርት ከዚህ ናቸው።

ሠረቀ፦ እንደ ፀሐይ ወጣ፥ በራ፤ ምሥራቅ የዚህ ነው። ሰረቀ፦ የሰው ገንዘብ ወሰደ። «ሠረቀ ብርሃን» የተባለውን ልጅ በእሳቱ ሰ የጻፈ ሰው ሳያውቅ ሌባ አድርጎታል።

ኀለየ፦ ዐሰበ፤ ኅሊና ከዚህ ነው። ሐለየ፦ ዘመረ፤ ማሕሌት ከዚህ ነው።

ፈጸመ፦ ጨረሰ። ፈፀመ፦ በአውድማ ላይ የሚያኼደው በሬ እንዳይበላ አፉን አሰረ።

ይህ ሁሉ ለምን ሆነ ቢሉ፥ እነዚህ ፊደላት በጥንቱ ግዕዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ስለ ነበራቸው ነው። ትግርኛ ሐንና ዐን እስከ ዛሬ ከጉሮሮ ለይቶ ይጠራቸዋል። በአማርኛ ግን ድምፆቹ ተቀላቅለው ፊደሎቹ ብቻ ቀሩ። በዋሸራ፥ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ ያሉት የቅኔ መምህራን ይህን መቀላቀል እንደ ጉድለት ብቻ አላዩትም፤ ለጸሐፊ እንቅፋት የሆነው የድምፅ መመሳሰል ለባለ ቅኔ የኅብር ሀብት ነውና።

የቃሉን ዘር መርምሮ ለመድረስ የሚሻ ሰው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ይመልከት። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ሥራ አለቃ ኪዳነ ወልድ ቀጠሉት፤ እርሳቸው ካረፉ በኋላም ደስታ ተክለ ወልድ አሟልተው በ1948 ዓ. ም. አሳተሙት። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ. ም. ደግሞ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። አንባቢ ልብ ይበል፤ መጻሕፍቱ የተደረደሩት በአበገደ እንጂ በሀሁ ስላይደለ፥ ሀን በመጀመሪያው ገጽ የሚፈልግ ሰው ይደክማል።

«ለአማርኛ የማያስፈልጉት ድግግም ፊደላት ይቀነሱ፤ ልጆችን ያስቸግራሉ» የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። ደግሞም ፊደላችን ሁሉን አያሳይም። «ገና አልመጣም» ስንልና የልደትን በዓል «ገና» ስንል ጽሕፈቱ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በመጥበቅና በመላላት ብቻ ነው። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ. ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጠብቀውን ፊደል በነጥብ እየለዩ ያመለከቱት ስለዚህ ነው።

እኛ ግን የምንመክረው ይህን ነው። ልጁ በተራ ደብዳቤ ላይ ሰን በሠ ቢለውጥ አትቈጡት፤ ከቃሉ የሚወለዱትን ዘመዶች እየጠየቃችሁ አባቱን እንዲፈልግ አድርጉት። በጸሎትና በስም ላይ ግን አትለፉት፤ ስም የሰው ነውና። ዛሬ ማታ የቤተ ሰቡን ሁሉ የክርስትና ስም በአንድ ወረቀት አስጽፉት፤ ፍቺውንም ከንስሓ አባታችሁ ጠይቃችሁ ከጎኑ አኑሩ። ያች ተማሪያችን የአያቷን ስም እንደ ገና በአልፋው አ ጽፋ ለካህኑ ሰጥታለች፤ በዚህኛው ወረቀት ላይ የእኛ ቀይ ቀለም አልነበረበትም።