ጨዋታን ሳይፈጽሙ ጓደኛን ጥሎ ስለ መውጣት



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ለብዙ ወላጆች የልጆች ዋዛ መስሎ የሚታይ፤ ለወጣቶች ግን በየቀኑ የጠብና የቅሬታ ምክንያት የሆነ ጉዳይ ነው። ይኸውም በኢንተርኔት አማካይነት በቡድን በሚደረጉ የስፖርት ቪዲዮ ጨዋታዎች ላይ፤ ግጥሚያው ሳይፈጸም አቋርጦ የመውጣት ልማድ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ጨዋታ ለይተን እንመልከት። ሮኬት ሊግ የተባለውን ጨዋታ ሳይኦኒክስ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሐምሌ ወር 2015 አወጣው። ጨዋታው እግር ኳስ ነው፤ ነገር ግን ኳሱን የሚመቱት ሰዎች ሳይሆኑ ግድግዳ የሚወጡና በአየር ላይ የሚወነጨፉ ኦቶሞቢሎች ናቸው። ሦስት ለሦስት ሊገጥሙ ይችላሉ። የግጥሚያው ጊዜ 5 ደቂቃ ነው፤ እኩል ከሆኑ ግን አንዱ ግብ እስኪያገባ ድረስ ያለ ሰዓት ገደብ ይቀጥላል። አንድ ቡድን የሚሆኑትም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ታዲያ 5 ደቂቃ መታገሥ ምን ያስቸግራል? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ደቂቃ ሦስት ግብ የገባበት ወጣት፤ የቀረው ጊዜ በከንቱ የሚባክን ይመስለዋል። በሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ትቶ ሲሄድ ጓደኞቹ ዐይኑን ያዩት ነበር። እዚህ ግን አንድ ቍልፍ መጫን ይበቃል፤ የሚታዘበውም የለም። ከዐሥራ አንድ ሰው አንዱ ቢጐድል ቡድኑ እንደ ምንም ይጫወታል፤ ከሦስት ሰው አንዱ ሲጐድል ግን የኀይሉ ሢሶ ሄደ ማለት ነው። ደረጃ በሚሰጥበት ውድድር ደግሞ በወጣው ሰው ቦታ ማንም አይተካም። የቀሩት ሁለቱ ከሦስት ሰዎች ጋር ይታገላሉ፤ ከተሸነፉም ባላጠፉት ጥፋት ደረጃቸው ይቀንሳል።

ይህን ለመከላከል የጨዋታው ሠሪዎች እገዳ አቁመዋል። ደረጃ ከሚሰጥበት ውድድር አቋርጦ የወጣ ሰው መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃዎች ሌላ ግጥሚያ እንዳይገባ ይከለከላል፤ ጥፋቱን ሲደጋግም እገዳው እየረዘመ ወደ ሰዓታት ይደርሳል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው እገዳ ቅጣት ለመባል አይበቃም፤ የተቈጣው ሰው ሻይ አፍልቶ እስኪጠጣ ያልቃል። የሚያስፈራው መደጋገሙ ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሰውን ልብ አያይም። በንዴት የወጣውንና መብራት የጠፋበትን ልጅ አይለይም። መብራት ድንገት እልም ሲል ምን እንደሚሆን ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ ተጫዋቹ ግጥሚያው ሳያልቅ ከተመለሰ ገብቶ እንዲቀጥል በር ተከፍቶለታል፤ ይህ መልካም ሥርዐት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በስምምነት እጅ መስጠት ነው። ሽንፈቱ የማይቀር መስሎ ከታየ አንዱ ተጫዋች እጅ እንስጥ ብሎ ድምፅ ይጠይቃል፤ የቡድኑ ሰዎች ሁሉ ሲስማሙ ግጥሚያው ያበቃል፤ ማንም አይታገድም። አንዱ እንኳ እቢ ካለ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ተጫዋቹ የሚማረው ነገር አለ፤ መውጣት ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ መውጣት ነው እንጂ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ፌዝ ነው። በጨዋታው ውስጥ አስቀድመው የተዘጋጁ አጫጭር ቃላት አሉ። ከእነርሱም አንዱ ግብ ላዳነ ሰው ማመስገኛ ሲሆን፤ ክፉዎች ኳስ ላመለጠው ጓደኛቸው ደጋግመው ይልኩታል። እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ ወጣቶች ይህን ከመውጣት በፊት ቢያደርጉት ብዙ ግጥሚያ ይተርፍ ነበር።

እኔም ከጥፋተኞቹ አንዱ መሆኔን ልናዘዝ። አንድ ቀን ማታ የወንድሜን ልጅ ራት ቀርቧል፤ አሁኑኑ ተነሥ ብዬ ተቈጣሁት። ልጁ ታዛዥ ነውና ዘግቶ ተነሣ፤ ነገር ግን እንጀራውን ሳይነካ ተቀመጠ። በመታገዱ ያዘነ መስሎኝ ነገ ትጫወታለህ አልሁት። እርሱ ግን፤

«ጋሼ፤ ስለ እገዳው አይደለም። ሁለቱን ልጆች እኮ እየመራን ሳለ ጥያቸው ወጣሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ራት ሲቀርብ ከበሩ ላይ ቆሜ ስንት ደቂቃ ቀረህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም ሁለት ይለኛል። እኩል የሆኑ ዕለት ግን ወጡ ይቀዘቅዛል።